የተደገመችው መስመር

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዓሣ መረብ ማከማቻ ነበር፤ ሽታው አልለቀቀውም። ሐይቁ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል እንጂ አይታይም። የታሰርሁት በመጻሕፍቴ ነው። ግማሾቹን አላነበብኋቸውም ነበር።

ከጎኔ የሚተኙት ከደሴት ገዳም የመጡ መሪጌታ ነበሩ። ጧትና ቀትር ጸሎታቸውን በቃላቸው ያደርሳሉ፤ እኔ እግዜር እንደሌለ አስረዳቸዋለሁ።

«ከሌለ ምነው በየቀኑ ትጣላዋለህ ልጄ?» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጧት ከሽንት ቤት ስንመለስ ዘገዩ ብሎ ጠባቂው ገፈተራቸው። ራሳቸው ከብረቱ መቃን ጋር ተጋጨ። ለአፍታ ራሳቸውን ስተው ነቁ። ደም የለም። ጋቢያቸውን አስተካክለው «መቃኑ ይቅር ይበለኝ» አሉ። ሳቅን።

አብሮን የታሰረ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት የነበረ፣ ግን አልሳቀም። «አጠገባቸው ነህ። ንግግራቸው ከተዛባ ወይ እንቅልፍ ከጣላቸው ወዲያው ጥራኝ» አለኝ። እሺ አልሁ።

ቀትር ላይ በጸሎታቸው አንዲት መስመር ደገሙ። ተመልሰው ደገሟት። አብረን በታሰርንበት ስምንት ወር አንድ ቃል ሲስቱ ሰምቼ አላውቅም።

«መሪጌታ፣ እግዜሩ አልሰማ አለዎት እንዴ?» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። ያሸነፍሁ መሰለኝ። ድሬሰሩ በወዲያኛው ጥግ ሸሚዙን ይጥፋል፤ አልጠራሁትም። ኋላ ሲያንኮራፉም «መልስ አጡ» ብዬ ቀለድሁ።

ማንኮራፋታቸውን ሰምቶ የመጣው ድሬሰሩ ራሱ ነው። የዐይናቸውን ቆብ ገለጠ፤ አንዱ ብሌን ሰፍቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን ገና» ብዬ ዋሸሁ።

በሩን በጡጫ ደበደበ። «ጓድ፣ ራሳቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። አጥንቱ ተበስቶ ደሙ ካልወጣ እስከ ማታ አይቆዩም።»

«ደሙ የታለ?» አለ ጠባቂው።

«መውጫ አጥቶ ነዋ።»

ተሸክሞ ያወጣቸው ያው የገፈተራቸው ጠባቂ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ ተመለሱ። ሐኪሙ የራስ ቅላቸውን በስቶ ደሙን አውጥቶታል። ግራ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ ጥቂት ቀደም ብለው ቢደርሱ ኖሮ እጁም ይተርፍ ነበር ብሏል።

«ጸሎቱን ስስት ሰምተህ የደረስህልኝ አንተ ነህ አሉ፤ ዕድሜህ ይርዘም» አሉኝ። ድሬሰሩ አየኝ፤ ቀና ብሎ ጠበቀ። እኔ «አሜን» አልሁ። እሱም ዐይኑን መለሰ፤ እስክንፈታ እንዳልጠራሁት ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ወዲያ በየጧቱ ጋቢያቸውን የማለብሳቸው እኔ ሆንሁ። «ቃል ስስት ንገረኝ» ብለው ይጀምራሉ፤ እስከ መጨረሻው ቃል ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ሙግቱን ተውሁት።

ዛሬ የምኖረው የሌሎችን ጽሑፍ በማረም ነው፤ ስህተት አያመልጠውም ይሉኛል። ጸሎቱን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አላምንበትም። መሪጌታ አርፈዋል። ይህን ለመጻፍ ማረፋቸውን መጠበቄም ከዚያች «አሜን» አይሻልም።