ብሬከሩን ያነሳሁ ቀን

ያለፈው እሁድ ከሰዓት... መካነ ሰላም መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ባሌ ሙሄ ሻወር ቤት ገብቶ የውሃ ማሞቂያውን ፈታቶታል።

ሻወራችን ሙቅ ውሃ መስጠት ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የእኛን አገር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት የቧንቧው ውሃ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። አማቴ እማማ ሉባባ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማሞቂያው የተገዛውም እሳቸው ለብ ባለ ውሃ ውዱእ እንዲያደርጉ ተብሎ ነው። ከተበላሸ ወዲህ በማንቆርቆሪያ እያፈላሁ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

«ሠራተኛ እንጥራ» ስለው ሙሄ ተቀየመኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳዑዲ ኖሮ ነው የመጣው።

«እዚያ ስንት ሰኻን ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ለዚህች ነው ሰው የምጠራው?»

ሰኻን የሚለው ማሞቂያውን ነው። እኔ እስከማውቀው እዚያ ሾፌር ነበር...

መጀመሪያ ቧንቧውን አየ፣ ደህና ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ቀየረ፣ ውሃው ያው ቀዝቃዛ ነው። እሁድ መብራት ሲጠፋ «እንዲያውም ጥሩ፣ ውስጡ ሽቦ ላልቶ ይሆናል፣ ዛሬ ልክፈተው» ብሎ ካቻቢቴውን ያዘ። ከመግባቱ በፊት ግን ቆጣሪው ጋ ሄዶ ብሬከሩን ወደ ታች አወረደው።

«መብራቱ ድንገት ቢመጣ የሚያተርፈኝ ይሄ ነው። ማንም እንዳይነካው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። በዚሁ በገዛ አፌ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብሬከሩ ሁልጊዜ በራሱ ይወርዳል። ስለዚህ ሰፈሩ «መጣ!» ሲል ቆጣሪው አጠገብ የተገኘ ሰው ሮጦ ያነሳዋል። ማንም አያስብበትም፣ እጃችን ለምዶታል። ካልፈጠንን ስልካችን ሳይሞላ ተመልሶ ይሄድብናላ።

አስር ሰዓት ገደማ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነው... ሰፈሩ «መጣ!» አለ። ከአጥራችን ማዶ ያለው ወፍጮ ቤትም ወዲያው ማጓራት ጀመረ። ቀና ብዬ ቆጣሪውን ሳየው ብሬከሩ ወርዷል። አነሳሁት።

ከዚያ ወደ ልብሴ ተመለስኩ። አንድ ቀሚስ አሰጣሁ። ሁለተኛውን ሳነሳ ነው ነገሩ የገባኝ...

ወላሂ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። «ሙሄ!» ብዬ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ወፍጮው እያጓራ የራሴን ድምፅ እንኳ ዋጠው። ያኔውኑ ብሬከሩን መመለስ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ ሻወር ቤቱ ይዞኝ ሄደ።

እማማ ሉባባ ደጅ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው የሙሰበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

«ዘሚ፣ ሙሄ ጨረሰ እንዴ? ቅድም ሲያንኳኳ ነበር፤ አሁን ጭጭ አለብኝ» አሉኝ።

ሌላ ልጅ የላቸውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሶላቱ ዱዓ አድርገው የመለሱት ልጅ ነው።

«አሁን ይወጣል እማማ» አልኳቸው።

በሩን ገፋሁት። ሙሄ ወለሉ ላይ በሆዱ ተዘርግቷል። ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል፣ አንድ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ ወለሉ ርጥብ ነው። ካቻቢቴው እግሩ ሥር ወድቋል።

ገደልኩት አልኩ። በቃ ባሌን ገደልኩት። ደጅ ለተቀመጡት እናቱ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ልይዘው ጎንበስ ስል ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው በእጅ አይነካም ሲሉ የሰማሁት ትዝ አለኝ። ወደ ኋላ ሮጥኩ፣ ብሬከሩን አወረድኩ፣ ማድቤት በር ላይ የቆመውን ዘነዘና አነሳሁ። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እያልኩ ተመልሼ ገባሁና በዘነዘናው ጎኑን ገፋሁት።

«ውይ ጎኔን! አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ?»

እዚያው ርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

«ብሎኗ ወደቀችብኝ» አለ ጎኑን እያሻሸ። «ፍሳሽ መውረጃው ውስጥ ገብታ እየፈለግኳት ነው። ዘነዘናው ደግሞ ምንድን ነው?»

«አይጥ ያየሁ መስሎኝ...»

«አይጥ በዘነዘና?»

ብሎኗን በጣቱ ጎርጉሮ አወጣት። ከዚያ ማሞቂያው ውስጥ ጫፉ የጠቆረ ሽቦ አሳየኝ። «ይኸው፣ ሙቅ ውሃ የከለከለን ይሄ ነው፣ ላልቶ ነው። ሽቦውን በዚህ እጄ ይዤ ላስር ስል ነው ብሎኗ ያመለጠችኝ። ልክ ወፍጮው ሊነሳ ሲል» አለኝ። በየትኛው እጁ እንደነበር ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እጁን ሳየው ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱ አይጡን ፈርቼ መሰለው።

ገጣጥሞ ሲጨርስ «በይ ብሬከሩን አንሺልኝ» አለ። እጄ እምቢ አለኝ። «አንተው አንሳው» አልኩት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ሞቀ። እማማ ሉባባ ለመግሪብ ውዱእ አደረጉና ሙሄን መረቁት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺንም አሏህ ይውደድሽ። ለልጄ ስትሮጪ አይቻለሁ» አሉኝ።

አሚን ማለት አቃተኝ።

እስካሁን አልነገርኩትም። ሙሄ ፌስቡክ የለውም... የምታውቁት ሰዎች አደራ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብዬ መጀመሪያ እኔ ልንገረው።