ደወል አልሸኝም አለች

ደወል የምንላት ድምፅ ስለነበራት ነው። ትምህርት ቤቷ ውስጥ መብራት ጠፍቶ የኤሌክትሪክ ደወሉ እምቢ ባለ ቁጥር ዘበኛው ክፍሏ ድረስ ይመጣና፣ «እትዬ፣ እባክዎ ዕረፍት ይበሉልን» ይላታል። እሷ በሩ ላይ ቆማ አንዴ «ዕረፍት!» ካለች ኳስ ሜዳው ድረስ ይሰማል። እኔ የማስተምረው ሌላ ከተማ ስለሆነ ይህን በዓይኔ አላየሁም። ግን ስንት ዓመት አንድ ክፍል አብረን አድረናል፤ ስታስነጥስ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ምስክር ነኝ።

ጓደኝነታችን የጉባኤ ጓደኝነት ነው። የቋንቋ መምህራን ማኅበር በዓመት አንዴ ከየቦታው ይሰበስበናል፣ አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጠናል፣ ጥናት ያስነብበናል፣ ከዚያ ይበትነናል። ሁለታችንም ገና ጀማሪ ሳለን ባለ ሁለት አልጋ ክፍል አብረን ደረሰን። በመጀመሪያው ቀን መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለን ተጣላን። በማግሥቱ እኔ ጥናቴን ሳነብ እግሬ ሲንቀጠቀጥ አይታ ከኋላ ረድፍ ተነሥታ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ከሌላ ሴት ጋር ሊመድበኝ ሲሞክር አሻፈረኝ እላለሁ። ባሏ የሞተ ዕለት መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነው። እኔም ልጄ ትምህርቱን ጥሎ የጠፋ ጊዜ ያለቀስኩት ለእሷ ነው። የመስኮቱን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንበትም።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ወጣባት። ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡት፤ ነፍሷን አተረፉ፣ ድምፅዋን ግን ይዘውት ሄዱ። አሁን የቀራት ሹክሹክታ ነው። ጆሮውን ከአፏ ያላስጠጋ ሰው ምን እንደምትል አያውቅም። ነርስ የሆነችው ልጇ፣ «እማዬ፣ በቃሽ፤ አሁን እንኳ እረፊ» አለቻት። ጎረቤቶቿ፣ «መትረፍሽም ተመስገን ነው» አሏት። እሷ ግን ቁስሉ በቅጡ ሳይሽር አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ጠመኔዋን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ርዕሰ መምህሯ ክፉ ሰው አይደለም ልል ነበር፤ ግን ደግ ለመምሰል ብዬ አልዋሽም። ሰውየው ትምህርት ቤትን የሚለካው በኮሪደር ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያልፋል፤ ጸጥ ያለ ክፍል ለእሱ ጎበዝ አስተማሪ አለው፤ የሚንጫጫ ክፍል ደግሞ ሰነፍ አስተማሪ አለው። የደወል ክፍል ድምፅዋ ከጠፋ ወዲህ ገበያ ሆኗል። ስለዚህ፣ «ክፍሉን ለሌላ መምህር እንስጥና እርስዎ መጻሕፍት ቤት አረፍ ይበሉ» አላት። መጻሕፍት ቤት የሚለው መስኮት የሌለውን፣ የተሰበረ ወንበር የሚከማችበትን ጓዳ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው ቢኖር ከአይጥ በቀር ማን እንደሆነ አላውቅም።

ደወል ወዲያው ማኅበሩን የማሳያ ትምህርት ተራ እንዲሰጣት ጠየቀች። ይህ የጉባኤያችን ወግ ነው። አንዱ መምህር መድረክ ወጥቶ የምር ትምህርት ያስተምራል፤ የቀረነው ሁላችን ተማሪ እንሆናለን። ስንሆን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነው። ሽበት ያበቀሉ ሰዎች ወረቀት ይወራወራሉ፣ እርስ በርስ ይጎነታተላሉ፣ «ቲቸር፣ ውጪ ልውጣ» እያሉ ያለቃቅሳሉ። ርዕሰ መምህራንም ይጋበዛሉና አለቃዋ አዳራሹ ውስጥ ይኖራል። «ዓይኑ እያየ አስተምራለሁ» ብላ ጻፈችልኝ በስልክ። «አይቶም ክፍሉን ልቀቂ ካለኝ እለቃለሁ። ሳያይ ግን አልነቃነቅም።»

ጉባኤው በተከፈተ ዕለት ጠዋት ሁለታችን ፊት ለፊት ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ሊቀመንበራችን የድሮ የጉባኤ ጓደኛችን ነው፤ ስሙን ትተን «ማይኩ» ነው የምንለው፤ ማይክሮፎን አንዴ ከጨበጠ አይለቅማ። እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሁላችንንም እስኪታክተን አመስግኖ፣ በመጨረሻ ድምፁን ሐዘን ሐዘን አስመሰለው። «ከሰዓት በኋላ» አለ፣ «ዕድሜዋን ለዚህ ሙያ ለሰጠች ውድ እህታችን የክብር ሽኝት እናደርጋለን!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መድረኩ ላይ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ክብ ነገር ነበር፤ ከየትም ብታዩት የግድግዳ ሰዓት ነው። ርዕሰ መምህሯ ከጎናችን ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ያጨበጭባል። ስለ ማሳያ ትምህርቱ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ደሜ ፈላ። ለሻይ ስንወጣ ማይኩን ደረጃው ሥር ያዝኩት።

«የማሳያ ትምህርቷስ?» አልኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ!» አለኝ ግራ ቀኙን እያየ። «ድምፅ እኮ የላትም! መድረክ ላይ ወጥታ ብትዋረድ ደስ ይልሻል? ርዕሰ መምህሩም በክብር ብትሸኙልኝ አለ። እኛ ለእሷው ብለን ነው።»

«እሷን ጠየቃችኋት?»

ደወል ከኋላዬ መጣች። ከራባቱን ጨብጣ ሳብ አደረገችውና ጆሮውን አፏ ላይ አደረሰችው። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ የማይኩን ፊት ብቻ ነው ያየሁት፤ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ስትለቀው ከራባቱን እያስተካከለ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለችህ?»

«በቁሜ አትቅበረኝ አለችኝ» አለ፤ ያን ጊዜ ድምፁ የእሷን ያህል አንሶ ነበር። «ከምሳ በፊት ትንሽ ጊዜ አለ። ትውጣ።»

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። እጇን ይዤ፣ «አይዞሽ የኔ እናት፤ አጠገብሽ እቆማለሁ» አልኳት። «አንቺ ሹክ ትይኛለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ድምፅሽ እኔ ነኝ።» ራሷን ወዘወዘች። ያፈረች መስሎኝ ዝም አልኳት፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ተከትያት መድረክ ወጣሁ። ሕዝቡ ፊት ጆሮዬን ያዘችና አስጠጋችው።

«ድምፅ አበድሪኝ አላልኩሽም» አለችኝ። «ተማሪ ሁኚልኝ። ሂጂ፣ ተቀመጪ።»

ሆድ ባሰኝ። ስንት ዓመት የተጣላሁላት እኔ እንደ ረባሽ ልጅ ከመድረክ ተባርሬ ወረድኩ። ወንበሬ ላይ ተኮፍሼ እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርሽ አልኩ በሆዴ።

እሷ ሥራዋን ጀመረች። ወንበሮቹን እየጎተተች የአዳራሹን መሐል መንገድና ቅያስ አደረገችው። አንድ ቦታ የሰው ቦርሳ፣ አንድ ቦታ ባልዲ አኖረች፤ አንድ ቦታ ደግሞ ከተደራረቡ ወንበሮች ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ ሰቀለች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «ሰውየውን በሩ ድረስ አድርሱልኝ። በቃል ብቻ። አንድ ጊዜ ካንኳኳሁ ድገሙት፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳሁ ሌላ ሰው ይናገር።» ማይኩን በጣቷ ጠርታ ማይክሮፎኑን ከእጁ ስትቀበለው አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ እኛ ስንት ዓመት የተመኘነውን ነው ያደረገችው። አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ቀጥላ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች። ሳቁ ቀጥ አለ። ከጉሮሮዋ ሥር ከጎን ወደ ጎን የሄደው ስፌት ገና ቀይ ነበር። ጠባሳውን ብቻዬን አውቀው የነበርኩት እኔ እንኳ ዓይኔን ሰበርኩ። እሷ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሻርፑን አጥፋ የማይኩን ዓይን ሸፈነችበትና አንድ ሁለት ጊዜ አሽከረከረችው።

አዳራሽ ሙሉ አስተማሪ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሁሉም በአንዴ ጮኸ። «ወደ ቀኝ!» «ኧረ ወደ ግራ!» «ቀጥል!» «ቁም!» ማይኩ እጁን ዘርግቶ ሦስት ቦታ ሊሄድ ሲሞክር ባልዲውን ረግጦ ሊደፋ ሆነ። ደወል ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታች። ጸጥ አልን። ሌላ ሰው ይናገር ማለት ነበር፤ ማን ይሁን? ሁሉም ሌላውን አየ። ጸጥታው ረዘመ።

የሙያችን በሽታ ይህ ነው፤ አስተማሪ ዝምታ አይችልም። ተማሪ ትንሽ ካሰበ መልሱን እኛው ነጥቀን እንናገርለታለን። አፌ ሳላዘው ተከፈተ። ደወል አየችኝ። ያን የድሮውን፣ እግሬ የተንቀጠቀጠ ቀን ያየችኝን ዓይን አነሣችብኝ፤ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ የከበደ ነገር በዕድሜዬ ያደረግሁ አይመስለኝም፤ ግን ዘጋሁ።

እሷ ወርዳ ሄደችና ርዕሰ መምህሯ ፊት ቆመች። ጠመኔዋን እጁ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«እኔ?» አለ ሰውየው። «እኔ እኮ የሂሳብ ሰው ነኝ።»

አልተነቃነቀችም። ወደ ጎን አየ፣ የሚያድነው አልነበረም። ተነሣ። «እ... ትንሽ ወደ ፊት ይሂዱ» አለ።

«ትንሽ ማለት?» አለ ማይኩ፤ እግሩ ወንበር መታ። «ውይ!»

ደወል አንድ ጊዜ አንኳኳች። ሰውየው እንደገና ጀመረ። «ይቅርታ። በግራ እጅዎ በኩል ወንበር አለ። ይዳስሱት። አገኙት? አሁን መደገፊያውን ሳይለቁ ይዙሩት... አይ፣ ጃንጥላው አለ፤ ጎንበስ ይበሉ።» ማይኩ ጎንበስ አለ። አዳራሹ ሁሉ አብሮት ጎንበስ አለ። ከኋላ አንዲት ወጣት መምህርት፣ «ጃንጥላውን ሳይሆን ቦርሳውን ይፍሩለት፣ እግሩ ሥር ነው!» አለች። «ቦርሳው ገና ነው፣ እመቤት» አላት ርዕሰ መምህሩ። «ኧረ ደርሷል!» «በየት በኩል ደረሰ?» ክርክሩ ጦፈ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ፤ ቃል አጥቶ ለተንተባተበው ጎረቤቱ ቃል አቀበለው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው አረመው። ደወል ጥግ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ታዳምጣለች፤ ሲበላሽ ብቻ ታንኳኳለች። ያን ጊዜ ነው ክፍሏ ገበያ የሆነበት ምክንያት የገባኝ፤ እነዚያ ልጆች እንዲህ ነበር የሚውሉት።

በዚህ መሐል በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። የሕንፃው ጠባቂ ነው፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

«ምንድነው ይሄ ጩኸት?» አለ። «እዚህ ክፍል ውስጥ አስተማሪ የለም እንዴ?»

«አለች!» ብሎ ጮኸበት ርዕሰ መምህሩ። «እየተማርን ነው፣ በሩን ዝጋው!»

ጠባቂው ሳይዘጋው ማይኩ ደረሰ፤ የተዘረጉት እጆቹ የሰውየውን ደረት አገኙና፣ «በሩ ይሄ ነው?» ሲል አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ቀለጠ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ርዕሰ መምህሩ ጠመኔውን እንደጨበጠ ቆሞ፣ ከአፉ የወጣውን ቃል ቆይቶ የሰማው ይመስል ደወልን ያያታል። እሷ ግን የማይኩን ዓይን ለመፍታት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ያው ሽኝቱ ደረሰ። ማይኩ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሰዓቱን አምጥቶ አስታቀፋት፤ ደግነቱ ንግግር አላበዛም። ደወል የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ቀደደችው። ደህና ሰዓት ነው፣ ትልቅ፣ ቁጥሩ ከሩቅ የሚነበብ። ከሥሩ «መልካም የዕረፍት ዘመን» የሚል ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎበታል። እዚያው ሕዝቡ ፊት በጥፍሯ ፈቅፍቃ ላጠችው፣ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ከመድረክ ወረደችና ሰዓቱን ለርዕሰ መምህሩ አስታቀፈችው። ሰውን «ልጄ» የምትለው ስትናደድ ብቻ ነው፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማኋት።

«ልጄ» አለችው፣ «ክፍሌ ሰዓት የለውም። ሰኞ ሚስማሩን አንተ ትመታልኛለህ።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ጠመኔ የነካውን እጁን አየ። ከጀርባው ያንን ሁሉ አስተማሪ አየ። አንድ ቃል ልጨምርለት፣ እሺ በል እንጂ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አላልኩም። ደወል አልተጣደፈችም፤ እኔም ከእሷ ጋር ጠበቅሁት።

«በየትኛው ግድግዳ ይሁንልዎ?» አላት።