ከአስር በላይ

ባለፈው እሁድ ሞጆ፣ ከደረቅ ወደቡ ሥራ ስንወጣ በምንገባበት ኳስ ማሳያ ቤት፣ አሳላፊው ልጅ ሪሞቱን ሲነካካ የጨዋታው ድምፅ ወደ ስፓኒሽ ዞረበትና ተመልካቹ «ኧረ በእናትህ መልሰው!» እያለ ሲጮህበት፣ እኔ ግን ኮሜንታተሩ ደቂቃውን «ኳሬንታ ኢ ሲዬቴ» ብሎ ሲጠራ ሰማሁና አርባ ሰባት መሆኑን ሳላስበው ስላወቅሁት የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

አዳማ ባደግሁበት ግቢ፣ ከእኛ ቤት ቀጥላ ባለችው ክፍል፣ ጋሽ ለማ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ይጠግኑ ነበር። በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ተልከው፣ እዚያው ተምረው፣ እዚያው ወልደው፣ ብቻቸውን የተመለሱ ሰው ነበሩ። የመዳቡን ሽቦ ሲጠመጥሙ የሚቆጥሩት በስፓኒሽ ነው፤ «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ» እያሉ ዲዬስ፣ ማለትም አስር፣ ላይ ሲደርሱ አንድ የብሎን ዳዶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና እንደገና ከኡኖ ይጀምራሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ «ኮቱ ማሙሽ፣ ና» ብለው ይጠሩኝና ቆጠራውን ለእኔ ይለቁልኛል፤ የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ ዘጠኝን ከስምንት ባስቀደምኩ ቁጥር ሽቦውን እንደያዙ እስካርመው ድረስ ይጠብቁኛል። እናቴ «ኩባው» የሚል ስም አወጣችልኝ።

ልጃቸውን ትተዋት የመጡት ገና የእቅፍ ልጅ ሳለች ነበር። የሚጽፉላት ደብዳቤ አድራሻዋ ተቀይሮ መመለስ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጓደኛቸው ጠቅልሎ ወደዚያ ሲሄድ፣ ካገኛት እንድትደውል ብለው የእኛን ስልክ ቁጥር ላኩላት፤ በግቢው ስልክ የነበረው እኛ ቤት ብቻ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር የመዶሻቸው ድምፅ ቀጥ ይላል።

የደወለች ዕለት ግን ላንጋኖ የአንድ ሆቴል ፓምፕ ሊሠሩ ሄደው ነበር። እናቴ አነሳችና «የምን አገር ሰው ናት ይቺ? ና እስቲ አንተ ኩባው!» አለችኝ። የሴት ድምፅ ነው፤ ከምትለው ሁሉ የለየሁት «ፓፓ» የሚለውን ብቻ ነው። «የሉም» አልኳት በአማርኛ። ከዚያ ቁጥር መጥራት ጀመረች። ቁጥር መሆኑ ስለገባኝ በደስታ እርሳስ አነሳሁ። እሷ ግን ሁለት ሁለቱን አሃዝ እያጣመረች፣ ሃምሳ ሦስት፣ አርባ ሰባት እንደማለት፣ ነበር የምትጠራው፤ እኔ ደግሞ ሃምሳውንም አርባውንም ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዬ የሚይዘው ጅራቱን ብቻ ነው፦ ትሬስ፣ ሲዬቴ፤ እሱን እየጻፍኩ ያመለጠኝን ቦታ ባዶ ተውኩ። ደገመችልኝ። ቀስ ብላ ሠለሰችልኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ጋሽ ለማ ሲመለሱ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በአሃዞቹ መካከል የተውኳቸውን ባዶ ቦታዎች በጣታቸው እየነኩ ብዙ ቆዩ።

«ምን ያድርግ፣ ልጅ ነው» አለች እናቴ።

«እሱማ የሰማውን በትክክል ጽፏል» አሉ። «አስር ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሞተሩን ወደ ጎን ገፍተው፣ ዳዶዎቹን ወደ ጣሳቸው መልሰው፣ ከኦንሴ እስከ ሲዬን፣ ከአስራ አንድ እስከ መቶ፣ አስተማሩኝ። ቶሎ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ጊዜ ሁሉ ከሳቸው እኩል እሮጥ ነበር፤ የአጎቴ ድምፅ ይሆናል፣ የተሳሳተ ሰው ይሆናል፣ እሷ ግን ሁለተኛ አልደወለችም። እሳቸውም እየቆየ መሮጡን ተዉት፣ ቀጥሎም ቆጠራውን በአማርኛ አደረጉት።

ሲሞቱ ድንኳን ውስጥ አንድ የዕድር ሽማግሌ «መርዶ የሚነገረው ዘመድ የላቸውም?» ብለው ጠየቁ።

«ሴት ልጅ አለቻቸው» አለች እናቴ።

«የት ነው የምትገኘው?»

እናቴ ዞራ እኔን አየችኝ።

ካደግሁ በኋላ ስፓኒሹን ከስልኬ ላይ ብቻዬን ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ማንም በፈለገው ፍጥነት ቢጠራ ቁጥር አያመልጠኝም። ግቢው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ያ የስልክ መስመርም ተነቅሏል። እሷ ግን የሆነ ቦታ አለች። መርዶ አልደረሳትም። ቁጥሯን ሦስት ጊዜ ተናግራ፣ ምናልባት ብዙ ቀን ስልክ አጠገብ ተቀምጣ ጠብቃ፣ አባቴ ሊያናግረኝ አልፈለገም ብላ ተነስታለች።