ከደረቴ የወጣው ማሽን

መጋቢ፣ ማይኩን ይስጡኝማ፤ ቶሎ ግን አልመልሰውም! ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ከዚህ መድረክ አልወርድም። ስሙ ይባረክ!

ወይንሸት እባላለሁ። ሸዋሮቢት ገበያ ሽንኩርት ሳስጭን የምታውቁኝ አላችሁ። ቀወት ወረዳ፣ ማሳ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከወንድ እኩል ጆንያ የምሸከም ሴት ነበርኩ። «እግዜር ይመስገን» ከአፌ አይጠፋም፤ የምተማመነው ግን በጉልበቴ ነበር።

አንድ ቀን ገበያ መሃል ተዝለፍልፌ ወደቅኩ። አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ሐኪሞቹ «የልብዎ ምት በጣም ዘግይቷል» ብለው ከአንገቴ አጥንት በታች፣ በግራ በኩል፣ ፔስሜከር የሚሉትን ምት የሚያስተካክል ትንሽ ማሽን ቀበሩልኝ። ዳንኩ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ወራት አለፉና ትኩሳት ጀመረኝ። ሰው በላብ ሲጠመቅ እኔ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ምን እንላለን? ወባ ነዋ! ደሜ ሲመረመር ወባ የለም፤ እኔ ግን ወባ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ጎረቤቴ ሲስተር አበበች፣ ከወላይታ ተመድባ የመጣች ነርስ፣ ልትጠይቀኝ ገባችና ነጠላዬን ገለጥ አደረገችው። ማሽኑ ያለበት ቦታ ቀልቶ አብጧል።

«እትዬ፣ ይሄ ወባ አይደለም። ማሽኑ ያለበት አመርቅዟል። አሁኑኑ አዲስ አበባ እንሂድ።»

«ነገ ሽንኩርት አስጭናለሁ እኮ።»

«ሽንኩርቱ ይበስብስ! እርስዎ ይኑሩልኝ!»

እጄን ይዛ ሚኒባስ ውስጥ አስገባችኝ። ጌታ ይባርካት!

ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ፣ «ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ኢንፌክሽን ነው» አለኝ። «ጀርሙ ማሽኑንም ሽቦውንም ይዞታል። መድኃኒት ብቻውን አያጠፋውም፤ ሁሉም መውጣት አለበት። ሽቦው ግን ልብዎ ውስጥ ነው፤ ሲሳብ ሊደማ ይችላል» ብሎ የምፈርመውን የስምምነት ወረቀት ሰጠኝ።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ አለቀሰ። «እትዬ፣ አትፈርሚ። ቤትሽ ገብተሽ በሰላም...»

«በሰላም ምን? ጨርሰዋ! ልሙት? አልሞትም!» አልኩት።

ወገኖቼ፣ አፌ እንዲያ ይበል እንጂ ፈርቼ ወረቀቱን አልፈረምኩም ነበር። አበበችን ጠራኋት። «አንቺ ጠዋት ጠዋት የምትለምኚው ጌታ እኔን ያውቀኛል?»

«በደንብ ያውቅዎታል። ራስዎ ይጥሩት።»

ጠራሁት! «ጌታ ኢየሱስ፣ ጉልበቴ አልቋል። ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ» አልኩ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ብርሃንም አላየሁም። ትኩሳቱም እዚያው ነበር። ፍርሃቱ ግን ለቀቀኝ! ሃሌ ሉያ! ፈረምኩ።

ማሽኑ ወጣ፣ ሽቦውም ወጣ፣ ልቤ አልደማም! ለጊዜው ከውጭ በተገጠመ መሣሪያ እየመታ፣ በደም ሥሬ መድኃኒት እየገባ፣ ለሳምንታት ተኛሁ። ደሜ ከጀርሙ መጥራቱ ሲረጋገጥ በቀኝ በኩል አዲስ ማሽን ገጠሙልኝ። ታደሰ አልጋዬ ሥር ተንበርክኮ «እንኳን አልሰማሽኝ» አለኝ። ክብር ለጌታ!

አሁን መንገድ ላይ እያስቆሙ፣ «ጌታ ካዳነሽ ማሽኑ ምን ይሠራልሻል? እምነት ካለሽ አስወጪው» የሚሉኝ አሉ። አላስወጣም! የሐኪሙን እጅ ያቀናው ጌታዬ ነው። ክኒኔንም እውጣለሁ፣ ስሙንም እጠራለሁ! በዚህ የሚያፍር ይፈር፣ እኔ አላፍርም! ሞት ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጌታዬ ባዶ እጁን መልሶታል!

እዚህ መካከል ቁስሉን በልብሱ ሸፍኖ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አትደብቅ፣ አትደብቂ። ጌታን ጥሩ፣ ሐኪም ቤትም ሂዱ። ብቻዬን እፈራለሁ የሚል ካለ፣ ጉባኤው ሲያበቃ በር ላይ እጠብቃለሁ፤ አብሬው እሄዳለሁ።