ካርታው ላይ ያለችው ኤክስ

ስሙኝ እስቲ፣ ሳታቋርጡኝ። ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖረው እኔና ጋሼ ነን። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ስልሳ አልፏቸዋል፣ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ዓመታቸው። ሥራ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሥራችን ተራራ ላይ፣ ድሮ ከብት ይረባበት ከነበረ ቦታ፣ የአጥር ሽቦ መንቀል ነው። ከሲያትል ሦስት ሰዓት ይነዳል። ስልክ አይሠራም፣ ሶ አለቃችን የካርታ ኮፒ ሰጠን። ካርታው መቶ ዓመት አልፎታል፤ ያኔ ተራራው ላይ ወርቅ ይቆፈር ነበር አሉ። "ሁሉም እዚያ ላይ አለ" ብሎን ሄደ።

ካርታው ላይ አጥሩ የሚያልቅበት ጋ ትንሽዬ ኤክስ አለች።

"ጋሼ፣ ይቺ ምንድናት?"

"ኤክስ ጠፍታህ ነው? ሰፈራችን ሊፈርስ ሲል በራችን ላይ በቀይ ቀብተውልን የለ! ቤት ነበረ፣ ፈርሷል ማለት ነው። ባዶ መሬት ነው።"

"አሜሪካም ያፈርሳሉ እንዴ?"

"ቀለም የሚያጣ መንግሥት አይተህ ታውቃለህ፣ አንተ ልጅ?"

ሳቅን። ጋሼ ሽቦውን እየጠቀለሉ ኤክሷ ወዳለችበት ቦታ ሄዱ።

ድንገት ሽቦው ሣሩ ውስጥ መሮጥ ጀመረ። ቀና ስል ጋሼ የሉም።

"ጋሼ!"

"እንዳትጠጋ! አፈሩ ይናዳል!" ድምፃቸው ከመሬት ሥር ነው የመጣው።

የገመዱን አንድ ጫፍ መኪናው ላይ አስሬ ሌላውን ወረወርኩላቸው፣ ብብታቸው ሥር አሰሩት። ትንሽ እነዳለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እጣራለሁ። አንዴ ዝም አሉኝ። ደግሜ ተጣራሁ። ከዚያ ሲሳደቡ ሰማሁ፤ እንደዚያ ቀን ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሲወጡ ቀኝ እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

በሳምንቱ ቱክዊላ ያለው የድርጅቱ ቢሮ ጠሩኝ። አለቃው ወረቀት ገፋልኝ፣ "ምስክር ነህ፣ ሳይን አድርግ" አለኝ። ስለ ጋሼ፣ "ካርታው ተብራርቶለት በራሱ ጥፋት ወደቀ" ይላል። ሳይን ካደረግኩ ጋሼ በተሰበረ እግራቸው ላይ ጥፋተኛ ሊሆኑ ነው።

ቀና ስል ከጭንቅላቱ በላይ ያው ካርታ በመስታወት ተከድኖ ተሰቅሏል። ዋናው። ከታች ጠርዙ ላይ የምልክቶቹ ትርጉም ተደርድሯል። ኤክስ፦ የማዕድን ጉድጓድ።

"ይሄ የእኛ ኮፒ ላይ የለም" አልኩት።

"የኮፒው ወረቀት ስላልበቃ ነው፣ ቆርጠነው ነው።"

እስክሪብቶውን መለስኩለት። ኦኬ፣ አሁን እናንተ መልሱልኝ፦ ሞት የት እንዳለ የሚናገረውን ጠርዝ ቆርጠው ሲያበቁ፣ ምኑን ነው ያብራሩልን?