ይርጋ የዒላማ መነጽር ሊገዛ ሲል

ይርጋ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኞችን ከአውሮፕላን ወደ ተርሚናል የሚያመላልሰውን ረጅሙን አውቶቡስ ይነዳል። ረጋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቫንሃይም ጫካው ጥግ ወዳለው የተኩስ ክለብ ይሄዳል። ሚስቱ የኔነሽ ይህን አትወድለትም።

«ሰው ከጠመንጃ ሸሽቶ መጥቶ እዚህ ከፍሎ ይተኩሳል?» ትለዋለች።

ጠመንጃውን ድጋፉ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ገታ አድርጎ፣ ሃምሳ ሜትር ላይ የተሰቀለችውን ወረቀት ሲያይ የሳምንቱ ጫጫታ ሁሉ ጸጥ ይልለታል። ይህን እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳት ግን አያውቅም።

ከክለቡ ጋር ያስተዋወቁት ጋሽ ባህታ ናቸው፤ ጻይልስሃይም የሚኖሩ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የይርጋ ጥይቶች ከመሀል እየራቁ መሄዳቸውን ያዩትም እሳቸው ነበሩ።

«በባዶ ዓይን መልፋቱ ይብቃህ፣ ወደይ። ለእኛ ዕድሜ ጺልፈርንሮር ተፈቅዷል» አሉት። ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ ጺልፈርንሮር ደግሞ ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው አጉሊ መነጽር።

ጠመንጃው የክለቡ ቢሆንም መነጽሩን እያንዳንዱ ለራሱ ያመጣል። ይርጋ ከሦስት መቶ ዩሮ በላይ ላያወጣ ከራሱ ጋር ተስማማ። በእረፍት ሰዓቱ ስልኩን ከፍቶ ሲያይ ርካሾቹ ሁሉ ምን ያህል እንደሚያጎሉ ነው የሚፎክሩት። እሱም አንዱን አዘዘ።

ጋሽ ባህታ ሲያዩት ሳቁ። «የሚያጎላበት ብዛት አታለለህ። እዚህ ርቀት ላይ ይኼ ሁሉ ማጉላት የራስህን የልብ ምት ነው የሚያሳይህ። ርቀቱን የሚያስተካክል ቀለበትም የለውም። እስቲ ጭንቅላትህን ነቅነቅ አድርግ።»

ነቅነቅ ሲያደርግ መነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ዒላማው ላይ ወዲህና ወዲያ ተንሸራተተ። በዚያ ላይ ከላይ በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ጭጋግ አለ። ርካሽ ነገር ነው ብሎ መለሰው።

ቀጥሎ አንድ የአደን ዕቃ ሻጭ ዘንድ ያገለገለ፣ ቀለበት ያለው፣ መካከለኛ የሚያጎላ መነጽር አገኘ። ሻጩ ሞክረህ ካልወደድከው መልሰው አለው። ቅዳሜ ጠመንጃው ላይ አሰሩት። መስቀሉ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ቆመ። ጭጋጉ ግን እዚያው ነበር።

ይርጋ መነጽሩን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳበ፣ ጉንጩን ከፍ ዝቅ አደረገ። ምንም ለውጥ የለም።

«ይኼም የተበላሸ ነው፣ ጋሽ ባህታ።»

ሽማግሌው የራሳቸውን መነጽር ፈቱና አሰሩለት። ክለቡ ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ መነጽር የለም። ይርጋ ጎንበስ አለ። ያው ጭጋግ፣ ያው ቦታ ላይ።

«እርስዎ ይዩት እስቲ።»

አዩ። ቀና ሳይሉ «ጥርት ያለ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በግራ ዓይንህ እየው» አሉት።

በግራው ዓይኑ ሲያይ የዒላማው ክቦች አንድ በአንድ ተቆጠሩለት። በቀኙ ተመለሰ፤ ጭጋጉም ተመለሰ። ይርጋ ከጠመንጃው ተነሥቶ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አባቱ ዓይናቸው ጠፍቶ ቢቸና ከተማ ውስጥ በሰው እጅ እየተመሩ ነበር ያረጁት። ደግሞ በቅርቡ በአውቶቡሱ በቀኝ በኩል የፕላስቲክ ምልክት ገጭቶ ጥሎ፣ ጥፋቱን በዝናቡ ላይ አላክኮ ማለፉ ትዝ አለው። ያን ቀን ከኋላው ቆመው የነበሩትን መንገደኞች አሰበ።

ለየኔነሽ የነገራት በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ባቡር ውስጥ ነው። ስለ ጠመንጃው የምትጀምር መስሎት ነበር። እሷ ግን «ለሥራ ቦታህ ነግረሃል?» ብቻ አለችው።

«ገና።»

«አባትህ እንዴት እንደሆኑ ታውቃለህ፣ ይርጋ።»

በኋላ የመረመረችው የዓይን ሐኪም ግላኮማ ነው አለችው። የዓይን ግፊት ነርቩን ሲጎዳ ቆይቷል፤ በሁለት ዓይን ሲያይ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ሳያውቀው ኖሯል። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን እንዲያቆይለት ነው። ነገ ምን እንደሚሆን ሲጠይቃት እርግጠኛ ነገር አልነገረችውም።

ዝም ብሎ መንዳት ይችል ነበር፤ በዚያ ሰሞን ማንም አልጠየቀውም። ሁለት ጊዜ የሥራ ቦታው ሐኪም በር ድረስ ሄዶ ተመልሷል። በሦስተኛው ገባ። ምርመራው እስኪያልቅ ከመሪው ላይ አነሡትና ሻንጣ መደርደሪያው ጋ መደቡት። ጓደኞቹ ምን ሆነህ ነው ሲሉት መንዳት ሰልችቶኝ ነው ይላል።

ያገለገለውን መነጽር አልመለሰውም። ጋሽ ባህታ በግራ ትከሻው መተኮስ እያስተማሩት ነው። ጉንጩ ቦታውን አያውቅም፣ ጣቱ ይቸኩላል፣ ጥይቱ ወረቀቱን ስቶ የሚያልፍበት ቀን አለ። ጸጥታው እንደ ድሮው አይመጣለትም። ዒላማውን ሲያይ ቀኙ ዓይን አሁን ምን ያህል ደርሶ ይሆን እያለ ነው የሚያስበው።

ከሁሉ የከበደው የሐኪሟ የመጨረሻ ቃል ነው። በዘር ስለሚሄድ ልጆችህም ይታዩ ብላዋለች። ልጁ ኑኃሚን ጂምናዚየም በሚሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ልትጀምር ጓጉታለች።

«ቴርሚን ይዤልሻለሁ» አላት ቁርስ ላይ፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ማለቱ ነው።

«ኢሽ ዜ ዶህ ጉት፣ ፓፓ» አለችው፣ በደንብ አያለሁ እኮ ማለቷ ነው። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ግን ስልኳን አስቀመጠች።

«መቼ ነው?» አለችው በአማርኛ።

ማክሰኞ ነው አላት። አብሯት እንደሚሄድም ነገራት።