መስታወት የምትጭረው ሴት

በዚህ የድሬ ሙቀት ላይ ይቺ ሴትዮ ደግሞ መጣች! ወርቅ ሠሪው ሚክዳድ ቀና ሳይል አወቃት። ድሪያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተጠጋችና፣ እንዳይወልቅባት በቀይ ክር የጠመጠመችውን ቀለበት ከከሳው ጣቷ አወጣች። ከዚያ እንደ ልማዷ የወርቅ ማሳያውን መስታወት በፈርጡ ሲጥ አድርጋ ጫረችው።

«አልማዝ ነው፣ አየኸው?»

«አቦ ተይኝ፣ እማ! መስታወትማ የደቻቱ ወንዝ አሸዋም ይጭረዋል።»

«አልማዝ ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጠነክረው?»

«ዘሩስ ያው ከሰል ነው። ግን የሱ እያንዳንዷ ቅንጣት ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር ተቆላልፋ አልላቀቅም ስላለች ነው።»

«ከሱ የሚጠነክርስ ይገኛል?»

«ያንቺ ድርቅና!» ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠው።

«መሞከሪያ ማሽኑ ይኸው መሳቢያው ውስጥ አለ። አልማዝ ይሁን አይሁን አሁኑኑ ልንገርሽና እንገላገል!»

ሴትዮዋ ቀለበቷን ቶሎ ጣቷ ላይ መለሰች።

«ተው፣ ልጄ። የሰጠኝ ሰው ከጅቡቲ እስኪመለስ ድረስ መጫሩ ይበቃኛል።»

ስትወጣ ሚክዳድ መስታወቱን አየና በረጅሙ ተነፈሰ። ያልተጫረ ቦታ ገና ሞልቶታል።